የብዕር አዘነባበል፤ ከይፋት ጸሓፍት እስከ ኮምፒውተር

ብዕር የጨበጠ እጅ ብዕሩን ቀጥ አድርጎ አያቆመውም፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ወዳለው ሥጋ ጥቂት አስደግፎ ያዘነብለዋል፤ እንደሚጽፈው ፊደል፣ እንደ ተቀመጠበት ሁኔታ፣ እንደ ወረቀቱ መቅረብና መራቅም አዘነባበሉን ሳያስበው ይለዋውጣል። ይህ ነገር በቁም ጽሕፈት ሊቃውንት ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀና የተመረመረ ሲሆን፣ ኮምፒውተርን የሠሩ መሐንዲሶች ግን ለብዙ ዘመን ከቁም ነገር ሳይቈጥሩት ኖረዋል። ለእነርሱ ብዕር ማለት አንድ ነጥብ፣ ይኸውም ጫፉ ሰሌዳውን የነካበት ስፍራ ብቻ ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ታብሌቱና ኮምፒውተሩ የብዕሩን ጫፍ ብቻ ሳይሆን አካሉንም መመልከት፣ ወዴትና ምን ያህል እንዳዘነበለ መለካት፣ ከልኬቱም ትርጓሜ ማውጣት ጀምረዋል። ይህ የተጀመረው ነገር ለእኛ ምን ይጠቅማል? በምንስ ረገድ ያታልለናል? ብሎ መመርመር የሚገባ ይመስለኛል፤ ለምርመራውም ሁለት የጽሕፈት ሥርዐቶች፣ የግእዙና የዐረብኛው፣ ጎን ለጎን ከኖሩበት ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ የተሻለ መነሻ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

የኮምፒውተር ብዕር ታሪክ ረጅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለው አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ማዕርግ ባቀረበው ስኬችፓድ በተባለው ሥራው፣ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መሥመር መሳልና የተሳለውን ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳየ፤ በተከታዩም ዓመት ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በብዕር የሚጻፍበትን ሰሌዳ አወጣ። የሁለቱም ብዕሮች ዕውቀት «የት ነው?» ከሚለው ጥያቄ አላለፈም። እ.ኤ.አ. በ1983 በጃፓን የተቋቋመው ዋኮም ለሠዓልያን በሚሠራቸው ሰሌዳዎች ላይ «ምን ያህል ተጫነ?» የሚለውን ጨመረ፤ ቈይቶም «ምን ያህል አዘነበለ?» የሚለውን አስከተለ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2011 የዋኮምን ስልት በስልክ ውስጥ አስገባ፤ አፕል በ2015 ለአይፓድ ያወጣው እርሳስ፣ ማይክሮሶፍትም በ2017 ለሰርፌስ ያወጣው ብዕር አዘነባበልን የሚለኩ ሆኑ። ስለዚህ ቀድሞ የጥቂት ሠዓልያን ድርሻ የነበረው ነገር በአሥር ዓመት ውስጥ የተማሪና የጸሐፊ መሣሪያ ለመሆን በቃ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የሚያስደንቅ ብልኀት አለበት። በዋኮም ስልት ከስክሪኑ ሥር እንደ መረብ የተዘረጉ ቀጫጭን የሽቦ ጥቅሎች ማግኔታዊ ሞገድ ይልካሉ፤ በብዕሩ ሆድ ያለው ትንሽ ጥቅል ያንን ኃይል ተቀብሎ መልሶ ያስተጋባል፤ ከዚህም የተነሣ ብዕሩ ባትሪ ሳይኖረው ይሠራል። ሰሌዳው ከሽቦዎቹ መካከል የትኛው ብርቱውን ምላሽ እንደ ተቀበለ መዝኖ የብዕሩን ስፍራ ያውቃል፤ ብዕሩ ሲያዘነብል ደግሞ የምላሹ ስርጭት በአንድ ወገን ስለሚያጋድል፣ ከዚያ ማጋደል መጠኑንና አቅጣጫውን ያሰላል። በአፕል እርሳስ ግን ብዕሩ ራሱ ምልክት የሚልኩ ሁለት ነጥቦች ስላሉት፣ ስክሪኑ የሁለቱን ስፍራ በሴኮንድ 240 ጊዜ እየመረመረ በመካከላቸው ካለው ርቀት አዘነባበሉን ይረዳል። ስልቱ ይለያይ እንጂ ወደ ፕሮግራሙ የሚደርሰው ነገር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ተጋድሞ ስክሪኑን ሲነካ 0፣ ቀጥ ብሎ ሲቆም 90 ዲግሪ የሚሆን አንድ ቍጥር፣ እንዲሁም ዙሪያውን እስከ 360 ዲግሪ የሚቈጠር የአቅጣጫ ቍጥር ነው። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው ነገር፣ ልኬቱ ከምድር አንጻር ሳይሆን ከሰሌዳው ገጽ አንጻር መሆኑ ነው፤ ታብሌቱን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠም ሆነ በጕልበቱ ላይ ያዘነበለ ሰው፣ የሚቈጠርለት በብዕሩና በገጹ መካከል ያለው ዝምድና ብቻ ነው።

እንግዲህ በእነዚህ ቍጥሮች ምን ይደረጋል? መልሱ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይጠቃለላል። በመጀመሪያው ክፍል አዘነባበሉ የመሥመሩን ጠባይ ይወስናል፤ ብዕሩ ቀና ሲል መሥመሩ ይቀጥናል፣ ሲጋደም ይሰፋል ወይም እንደ ከሰል ጭረት ይደበዝዛል። በሁለተኛው ክፍል ግን አዘነባበሉ ትእዛዝ ይሆናል። በቻይና የሳይንስ አካዳሚ ፌንግ ቲያንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 የብዕሩን አዘነባበል በስክሪኑ ላይ የሚያሳይ ጠቋሚ፣ በ2008 ደግሞ የብዕሩ ጫፍ ከስፍራው ሳይነሣ አካሉን ወደ አንድ አቅጣጫ በማዘንበል ብቻ ከክብ ዝርዝር ውስጥ ምርጫ የሚወሰድበትን ስልት ለባለሙያዎች ጉባኤ አቅርበዋል። አሳቡ ግልጽ ነው፤ ሠዓሊው ቀለም ለመለወጥ እጁን ወደ ስክሪኑ ጥግ ሳያመላልስ፣ መሥመሩንም ሳያቋርጥ፣ ብዕሩን ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ቀዩን፣ ወደ ግራ ቢያዘነብል ጥቁሩን ያገኛል። በዚያው በ2008 ሌሎች ተመራማሪዎች ብዕሩን በጣቶች መካከል በማሽከርከር ትእዛዝ የሚሰጥበትን መንገድ መረመሩ።

ሁለተኛው ክፍል ምንም እንኳ በጥበቡ የሚያስመሰግን ቢሆን፣ ከእጅ ባሕርይ ጋራ የሚጋጭበት ስፍራ አለው። እጅ የሚያዘነብለው ለመናገር አስቦ ብቻ አይደለም፤ ሲደክምም፣ ወደ ገጹ ዳር ሲደርስም፣ ሲፈጥንም ያዘነብላል። በጃፓን የኮቺ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎች በተፈጥሮ ልማዳቸው ሲጽፉ፣ ሲሥሉና ሲነኩ የብዕራቸው ጫና፣ አዘነባበልና አቅጣጫ እንዴት እንደሚለዋወጥ ለመለካት የተነሡት ስለዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳይታሰብ የሚሆነውን ከታሰበው ለመለየት ድንበሩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋልና። ድንበሩ ቢጠብ ጸሐፊው ያላዘዘው ነገር ይፈጸምበታል፤ ቢሰፋ ደግሞ ትእዛዙን ለማሰማት የእጁን አንጓ ከልማዱ ውጭ እያጣመመ ይደክማል። መሥመርን በሚመለከተው በመጀመሪያው ክፍል ግን እንዲህ ያለ ክርክር የለም፤ እጁ ጥቂት ቢያዘነብል መሥመሩ ጥቂት ይለወጣል፣ ጸሐፊውም ያንኑ በዓይኑ አይቶ ወዲያው ያርማል። ከዚህ የተነሣ የዚህ ጽሑፍ ፍርድ፣ የብዕር አዘነባበል ዋጋው የሚታወቀው መሥመርን ሲያገለግል ነው የሚል ነው፤ ለፍርዱም ጽኑው ማስረጃ ያለው በእኛው አገር የጽሕፈት ልማድ ውስጥ ነው።

ከጣርማ በር ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላ የሚወርድ፣ ከአዲስ አበባም 225 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መንገደኛ፣ ከ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የወላስማ ሥርወ መንግሥት በገዛው በይፋት ምድር ላይ ይቆማል። ኖራ የተባለችው የቀድሞ ከተማ ፍርስራሽ የሚገኝበት ይህ አገር፣ በአንድ ወገን የዐረብኛን ጽሕፈት በመስጊድና በቁርኣን ቤት ሲያስተምር የኖረ፣ በሌላ ወገን ደግሞ ከበላዩ ባለው በአንኮበርና በመንዝ ደጋ ያሉ አድባራት የግእዝን ጽሕፈት በብራና ላይ ሲያቆዩለት የኖረ ነው። ደረሳው፣ ማለት የቁርኣን ቤቱ ተማሪ፣ ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ ቁም ጸሐፊው በብራናው ላይ፣ ሁለቱም በመቃ ብርዕ ይጽፋሉ፤ የሁለቱም መቃ በካራ ተቀርጾ ጫፉ እንደ መሮ ጠፍጣፋ ይደረጋል። ልዩነታቸው በአቈራረጡና በአያያዙ ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጽፈው የዐረብኛ ጸሐፊ ጫፉን ወደ ጎን ሰያፍ አድርጎ ይቈርጠዋል፤ ከግራ ወደ ቀኝ የሚጽፈው የግእዝ ጸሐፊ ግን የጫፉን ስለት ከመሥመሩ ጋራ ትይዩ አድርጎ ይይዘዋል።

የዚህን ውጤት ከአንዲት ፊደል ላይ እንመልከተው። በቁም ጽሕፈት የተጻፈች «በ» ሁለት ወፋፍራም እግሮችና ከላይ የሚያገናኛቸው ቀጭን ጋድም አላት። ጸሐፊው እግሮቹን ሲያወርድ ጫናውን አልጨመረም፣ ጋድሙን ሲስብም እጁን አላቀለለም፤ ጠፍጣፋው ጫፍ ወደ ታች ሲሄድ በሙሉ ስፋቱ፣ ወደ ጎን ሲሄድ ግን በስለቱ ስለሚያርፍ፣ ውፍረትና ቅጥነት የሚመጡት ከአያያዙ ነው። ለዚህም አያያዙ ከገጹ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይናወጥ መጽናት አለበት። ቁም ጸሐፊ ብራናውን በጕልበቱ ላይ አድርጎ፣ የቀለም ቀንዱን በአጠገቡ አቁሞ፣ አስቀድሞ በወስፌ በተወጋና ያለ ቀለም በተሠመረ ገጽ ላይ ሲጽፍ፣ ተማሪው ከመምህሩ የሚቀበለው ትልቁ ትምህርት ይኸው ጽናት ነው፤ የፊደሉን መልክ ዓይን ይማረዋል፣ አዘነባበሉን ግን እጅ በብዙ ዘመን ይለምደዋል። እንግዲህ መሐንዲሶች በቅርቡ እንደ አዲስ መልእክት የተቀበሉት ነገር፣ በይፋት ቆላና በሸዋ ደጋ የጽሕፈት ሁሉ መሠረት ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ኅትመትና የጽሕፈት መኪና ይህን የእጅ ዕውቀት ከፊደሉ ለዩት። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን በሮም የግእዝ መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትም የእጅ ጽሕፈቱ መልክ በእርሳስ ፊደል ተቀረጸ፤ ዘግይቶም ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ብልኆች ፊደላችንን ከጽሕፈት መኪና ጋራ ለማስማማት ደከሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ዩኒኮድ የተባለው የኮምፒውተር ፊደላት ደንብ በሦስተኛው ዕትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ተቀብሎ ለያንዳንዱ ሆሄ የማይለወጥ ቍጥር ሰጠው። ይህ ሁሉ ታላቅ ረድኤት ነው፤ ያለ እርሱ የሸዋ ሮቢት ልጅ ዛሬ በስልኩ በአማርኛ መልእክት ባልላከ ነበር። ዳሩ ግን ለአብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜና ከዚያም በላይ ቁልፍ የሚነካ ጣት፣ ፊደሉን ይጠራዋል እንጂ አይጽፈውም። ብዕርን ወደ ኮምፒውተር መመለስ ይህን ጕድለት ለመሙላት የተከፈተ በር ነው፤ በስዊድን በሃልምስታድ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የተካፈለበት ጥናት፣ በብዕር የተጻፈን የኢትዮጵያ ፊደል ከጭረቶቹ ተነሥቶ ኮምፒውተር እንዲያነብ ለማድረግ ተደክሞበታል።

ነገር ግን በሩ ቢከፈትም ቤቱ የተሠራው በሌላ ሰው ልክ ነው። አሁን በገበያ ያሉት አብዛኞቹ የሥዕልና የማስታወሻ ፕሮግራሞች አዘነባበልን ሲተረጕሙ፣ በአእምሯቸው ያለው የእንጨት እርሳስ ነው፤ እርሳስ ሲጋደም ጎኑ ወረቀቱን እንደሚያጠላ፣ ዲጂታሉም ብዕር ሲጋደም ጥላ ይሠራል። ለቁም ጽሕፈት ግን የሚያስፈልገው ጥላ አይደለም፤ የጠፍጣፋ ጫፍ ስለት ወዴት እንደ ዞረ ማወቅ ነው። ይህን በትክክል ለማወቅ የብዕሩን መሽከርከር መለካት ያሻል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው እርሳስ ይህን ጨምሮበታል። መሽከርከርን የማይለካ ብዕር ቢሆንም እንኳ፣ ብዕሩን በጣቱ የማያዞር ጸሐፊ ስለቱ ሁልጊዜ ካዘነበለበት አቅጣጫ ጋራ ስለሚሄድ፣ የአቅጣጫውን ቍጥር እንደ ምትክ መውሰድ ይቻላል። ስለዚህ የጐደለው መሣሪያ ሳይሆን፣ የግእዝን ብርዕ ጠባይ የሚያውቅና ቍጥሩን በዚያ መሠረት የሚተረጕም ፕሮግራም ነው። ይህም ከውጭ አገር ሠሪዎች ዘንድ የሚጠበቅ አይደለም፤ ቁም ጸሐፊውንና የኮምፒውተር ባለሙያውን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ አገር ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ከሥዕልና ከማስታወሻ አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ፣ ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ሲከማች፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በካታሎጉ ላይ ረጅም ዘመን ደክመዋል። በዚህ መንገድ የመጽሐፉ ቃልና መልክ ከጥፋት ዳነ። ፎቶግራፍ ግን የተጻፈውን እንጂ አጻጻፉን አያሳይም፤ የትኛው ጭረት እንደ ቀደመ፣ እጁ የት እንደ ዘገየ፣ ብርዑ በምን ያህል እንዳዘነበለ ከገጹ ላይ በግምት ካልሆነ አይነበብም። አዘነባበልን የሚለካ ሰሌዳ ፊት የተቀመጠ መምህር አንዲት ገጽ ቢጽፍ ግን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ከነጊዜው በቍጥር ተመዝግቦ ይቀራል፤ ተማሪውም ከዓመታት በኋላ የራሱን ቍጥር ከመምህሩ ቍጥር ጋራ አስተያይቶ የተናወጠበትን ስፍራ ያውቃል። በርግጥ ለስላሳው መስታወት እንደ ብራና እጅን አይዝም፣ ቀለሙም አይደርቅም፤ ስለዚህ መዝገቡ የመምህር ረዳት እንጂ ምትክ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም በአካባቢው ያለው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአንኮበርንና የመንዝን ጸሓፍት ከይፋት የቁርኣን ቤት መምህራን ጋራ አቀናጅቶ ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ቢመዘግብ፣ ከግራ የሚመጣውና ከቀኝ የሚመጣው ብርዕ በአንድ መለኪያ የሚመረመርበት ብርቅ ጥናት ይሆናል።

የሁለቱ አቅጣጫዎች ጉዳይ ለፕሮግራም ሠሪዎችም ትምህርት አለው። በቀኝ እጅ የሚጽፍ ሰው ብዕሩን በአብዛኛው ወደ ቀኝ፣ ግራኙ ደግሞ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ከአዘነባበሉ ብቻ ተነሥቶ የትኛው እጅ እንደሚጽፍ፣ መዳፉም በየትኛው የስክሪን ክፍል ላይ እንዳረፈ መገመት ይችላል። ይህን የሚያውቅ ፕሮግራም ዝርዝሩን እጁ ከሚሸፍነው ወገን አንሥቶ በተቃራኒው ይከፍተዋል፤ የመዳፉንም መነካት እንደ ጽሕፈት ከመቍጠር ይድናል። አዘነባበል ከመሥመር ውጭ የሚጠቅምበት ስፍራ ቢኖር እንዲህ ያለው ነው፤ ሰውየው ምንም ሳይታዘዝ፣ መሣሪያው ራሱ ለእጁ ይታዘዝለታልና።

አዘነባበል ጥቅም የማይሰጥበት፣ ይልቁንም ጕዳት የሚሆንበት ሥራ መኖሩን መደበቅ አይገባም። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ሲመዘገብ፣ በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ገበሬውና ጎረቤቶቹ ወሰኑን እየዞሩ ሲያመለክቱ፣ መዝጋቢው ከአየር በተነሣና በታተመ ፎቶግራፍ ካርታ ላይ መሥመሩን በብዕር ያሰፍራል፤ በኋላም መሥመሩ በቢሮ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ይህ ሥራ በታብሌትና በዲጂታል ብዕር ቢተካ፣ ሽንኩርትና ማሾ በሚዘራበት ቆላ ወሰን ለሚካለል ገበሬ የሚያስፈልገው የመሥመሩ ውበት አይደለም፤ ትክክለኛ ስፍራው ብቻ ነው። በብዕሩ ሆድ ያለው ጥቅል ከጫፉ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ብዕሩ ሲያዘነብል የሚለካው ስፍራ ከጫፉ ጥቂት ሊሸሽ ይችላል፤ መሣሪያው አዘነባበሉን የሚለካው በዚህ ጊዜ ስሕተቱን ለመቀነስና መሥመሩን ወደ ጫፉ ለመመለስ ነው። እንግዲህ ያው አንድ ልኬት ለቁም ጸሐፊው የመሥመሩ ሕይወት፣ ለመሬት መዝጋቢው ግን ሊሰረዝ የሚገባው እንከን ነው፤ መሣሪያ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ይህን ሳይለይ ዋጋ ቢከፍል ገንዘቡን በከንቱ ያፈስሳል።

ዋጋን ካነሣን፣ በሸዋ ሮቢት ዋና መንገድ ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ ሱቆች በርካሽ የሚሸጠው የጎማ ጫፍ ያለው ብዕር አዘነባበልን ፈጽሞ እንደማያውቅ ገዢው ሊረዳ ይገባል። እርሱ ለስክሪኑ የሰው ጣት ምትክ ነው፤ ቢቆምም ቢጋደምም ስክሪኑ የሚያየው አንድ የነካ ነገርን ብቻ ነው። አዘነባበልን የሚያውቅ ብዕር ከሚያውቅ ስክሪን ጋራ ተጣምሮ ካልተሠራ ዋጋ የለውም፤ ይህም ጥምረት ዛሬ ለአብዛኛው ተማሪ አቅም የሚደፈር አይደለም። ይሁን እንጂ የነገሩ አካሄድ ተስፋ ይሰጣል፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው ዝቅተኛ ዋጋ ያለው እርሳስ የጫናን ልኬት ሲያስቀር አዘነባበልን ግን ይዞ ቀርቷል። ከሁለቱ አንዱን ለመተው በተገደደ ጊዜ ሠሪው ያቆየው አዘነባበልን መሆኑ፣ ይህ ልኬት የባለጠጋ ሠዓሊ ጌጥ ከመሆን አልፎ የተራው ብዕር ባሕርይ ወደ መሆን እየተጠጋ ለመሄዱ ምልክት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው አዘነባበልን የሚያውቅ ብዕር ይደርሰን ይሆን ወይ የሚል አይደለም፤ ዘግይቶም ቢሆን መድረሱ አይቀርም። ጥያቄው በደረሰ ጊዜ የማንን እጅ የሚያውቅ ሆኖ ይመጣል የሚል ነው። ዛሬ በአብዛኛው ለእርሳስ ጥላ የተተረጐመው ቍጥር ነገ ለቁም ጽሕፈት እንዲተረጐም የሚያደርግ ባለሙያ ካልተገኘ፣ ልጆቻችን በውድ መሣሪያ ላይ ቀጭንና ወፍራም የሌለው፣ የግእዝም የዐረብኛም ጠባይ የሌለበት ጭረት ሲጭሩ ይኖራሉ፤ ጥፋቱም የመሣሪያው አይሆንም። ፕሮግራሙን ለመጻፍ የሚፈለገው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ ልኬቱ በመሣሪያው ውስጥ አለ፣ ፕሮግራሞች ልኬቱን የሚቀበሉበት ደንብም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የድር ደንብ ውስጥ ተጽፎ ለሁሉ ክፍት ነው። በጥድፊያ ሊፈለግ የሚገባው፣ ያንን ቍጥር የሚያስተምረው እጅ ነው፤ ቁም ጸሓፍቱም የሉሕ መምህራኑም በሕይወት ባሉበት በዚህ ዘመን ካልተመዘገበ፣ ኋላ ምንም ያህል የረቀቀ ብዕር ቢሠራ ሊለካው የሚችል አይኖርም።